ሳይካትሪ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?

ማክሰኞ የመርፌ ቀን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሌ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ይጠብቀኛል። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከቱሉ ዲምቱ ማዶ መጥተዋል። አንድ የግንባታ ሠራተኛ ሳይረፍድበት ተወግቶ ለመሄድ በሩ ላይ ቆሟል። ጋቢ የለበሱ አባት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ «ይመስገን» ይላሉ። ከስድስት ወር በፊት ሰላምታ አይመልሱም ነበር።

ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከካርዶቹ ጎን፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አለ። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በራሴ ገንዘብ የገዛሁት ነው። በየመስመሩ ስም፣ የመጨረሻው መርፌ ቀን፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ከዚያ ሦስት ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ስለ ሦስቱ ስልኮች ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ሳይካትሪ ነርስ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና ነርስ፣ ነኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው በሚጀምርበት ሰፈር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ታካሚዎቼ «ሲስተር፣ አንቺ ነርስ ነሽ ሐኪም?» ይሉኛል። ሙያውን ለመማር የሚያስቡ ልጆች ደግሞ «ሥራው በቃ መርፌ መውጋት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለሁለቱም አንድ ላይ ልመልስ።

ለምን ነርስ?

መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከጎጃምም፣ ከባሌም፣ ከሐረርም አቅም ያለው ቤተሰብ ታማሚውን በአውቶቡስ አሳፍሮ እዚያ ያመጣ ነበር። አቅም የሌለው እቤት ያስቀምጠዋል። የሆስፒታሉ ስም ራሱ ስድብ ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ በየሰፈሩ ይነገራል። ይህ እኔን በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ስንት ሰው ከዚያ ግቢ ድኖ እንደወጣ አውቃለሁ።

የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የሚማሩትም ውጭ አገር ሄደው ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ እዚሁ አገር ውስጥ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ነርሶች ግን ቀድመው ነበር የጀመሩት። በ1987 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ አማኑኤል ውስጥ የሳይካትሪ ነርስ ሥልጠና ተከፈተ። የሠለጠኑት ነርሶች ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተበተኑ። አንድ ጠባብ ክፍል ተሰጣቸው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሳጥን መድኃኒት። ሕመሙን የሚለዩት እነሱ፣ መድኃኒት የሚያዙት እነሱ፣ የሚከታተሉት እነሱ ሆኑ።

ስለዚህ ለታካሚዎቼ ጥያቄ መልሱ ይኼ ነው። ነርስ ነኝ፤ ግን በአገራችን የሳይካትሪ ነርስ መርምሮ፣ ሕመሙን ለይቶ፣ መድኃኒት ይጀምራል። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። ታማሚው ሲረጋጋ ደግሞ ተመልሶ ወደ እሱ ይመጣል።

አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት

የከተማ ዳር የራሱ ሕመም አለው። እዚህ የሚኖረው ሰው ከሦስት አራት ቦታ የመጣ ነው። ማሳው ኮንዶሚኒየም የሆነበት ገበሬ አለ። ካሳው አልቆ፣ ልጁ መጠጥ ጀምሮ፣ ራሱ እንቅልፍ አጥቶ ይመጣል። ከመሀል ከተማ ተነስቶ እዚህ የሰፈረ ሰው አለ። ቤት አግኝቷል፤ ጉርብትናውን ግን እዚያ ጥሎ መጥቷል። ድሮ ሰፈሩ እያለ በሩ ሳይከፈት ከረፈደ የሚያንኳኳ ሰው ነበረው። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ቀን ቢተኛ የሚያውቅለት የለም። ከወላይታና ከጋሞ ለግንባታ ሥራ የመጡ ልጆች አሉ። አንድ ክፍል ለስምንት ተከራይተው ያድራሉ።

ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች ነገር ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ፓስፖርቷ ተቀምቶ፣ በቀን ሦስትና አራት ሰዓት ብቻ እየተኛች፣ ደመወዟ ሳይከፈላት ኖራ የተመለሰች ልጅ አስቡ። ቤተሰብ እሷን ለመላክ ተበድሯል። ስትመለስ ገንዘብ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ወይ አትናገርም፣ ወይ ሌሊት ስትጮህ ታድራለች። አንዷን እናቷ ሲያመጧት ሻንጣዋ ገና አልተከፈተም ነበር። «እንክፈተው ስንላት ትንቀጠቀጣለች» አሉኝ። ለሁለት ወር ያህል ስትመጣ የምናወራው ስለ እንቅልፍ ብቻ ነበር። ሻንጣውን በራሷ ጊዜ ከፈተችው።

ድባቴ (ዲፕሬሽን) ያለበት ሰው ግን «አዝኛለሁ» ብሎ አይመጣም። «ጨጓራዬን» ብሎ ይመጣል። «ራሴን»፣ «ወገቤን»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ሰውነቴ ይቃጠላል» ይላል። ተመላላሽ ክፍል የጨጓራ መድኃኒት ሦስቴ ተሰጥቶት ያልዳነ ሰው ወደ እኔ ይላካል። እንቅልፉን እጠይቃለሁ። የምግብ ፍላጎቱን እጠይቃለሁ። ድሮ ደስ የሚለው ነገር አሁን ደስ ይለው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚፈራውን ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ከዚህ ኑሮ ሞት ይሻለኛል ብለው ያውቃሉ?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ሐሳቡ ቀድሞ ያለበት ሰው ሲጠየቅ ትልቅ ትንፋሽ ይተነፍሳል። ያን ትንፋሽ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

የሚጥል በሽታ ያለባቸውም እኔ ጋ ናቸው። እሱ የአእምሮ ሳይሆን የአንጎል ሕመም ነው። ሆኖም በአገራችን ክትትሉ በአብዛኛው በሳይካትሪ ክፍል ነው የሚደረገው። ብዙዎቹ በቀን አንድ ሁለቴ በሚወሰድ ክኒን ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። ልጅ ሲወድቅ ክብሪት ማሽተቱን ግን እባካችሁ ተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ እስኪያልፍለት አጠገቡ ቁሙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ሩጡ።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

ከባዱ ሕመም ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ነው። ታማሚው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። «ሊገድሉኝ ነው» የሚል በማስረጃ የማይነቃነቅ እምነት አለበት። ይህ ጎልቶ ስለሚታይ ቤተሰብ ቶሎ ይደነግጣል። ሌላው ገጹ ግን ዝም ያለ ነው። አለመታጠብ፣ አለማውራት፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ማየት። ቤተሰብ ይኼኛውን ስንፍና ይለዋል። ስንፍና አይደለም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ቤተሰቡ ተስፋ የጣለበት ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባ ማግስት ማለት ነው።

አንጎል ውስጥ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከነሱ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። በዚህ ሕመም የዶፓሚኑ ሥራ በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ከልክ ያልፋል። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶን የምንላቸው መድኃኒቶች ዶፓሚን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዙበታል። ንዴቱና እንቅልፍ ማጣቱ በቀናት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። ድምፁ ጸጥ እስኪል ግን ሳምንታት ይፈጃል። ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠው በነዚህ ሳምንታት መሀል ነው።

ችግሩ ዶፓሚን ለእንቅስቃሴም ያስፈልጋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሰውነትን ሊያገትር፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሰው ምን እንደሚደርስበት ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ የ19 ዓመት ልጅ ሃሎፔሪዶል ጀመርኩለት። በሁለተኛው ቀን አባቱ በባጃጅ ይዘውት ከነፉ። የልጁ አንገት ወደ ግራ ተጠምዟል። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ምራቁ ይወርዳል። አባትየው «መድኃኒትሽ ልጄን ገደለው!» ብለው ግቢውን በጩኸት ሞሉት። ዲያዜፓም በመርፌ ሰጠሁት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጁን ያዝኩት። ትንሽ ቆይቶ አገጩ በቀስታ መመለስ ጀመረ። ከዚያ አንገቱ። ከዚያ «ውሃ» አለ።

ያ ነገር ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ቶሎ ይታከማል። ግን አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ መድኃኒት ስጀምር በራሴ አንገት አሳያለሁ። «እንዲህ ቢሆን አትደንግጡ፣ በሌሊትም ቢሆን ሕክምና ይዛችሁት ኑ» እላለሁ። አርቴን የምንለውን ማርገቢያ ክኒንም ለሚያስፈልገው አብሬ እሰጣለሁ። ልጁ አሁን ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ይሠራል። አባትየው በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል።

መርፌው ለምን? ፍሉፌናዚን፣ በንግድ ስሙ ሞዲኬት፣ በዘይት የተዘጋጀ ነው። ጡንቻ ውስጥ ገብቶ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለቃል። በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያቆያል። ክኒን ለሚረሳ፣ ወይም ስምንት ሆነው በሚያድሩበት ክፍል ክኒን ሲውጥ መታየት ለሚያሳፍረው ልጅ፣ ይኼ ትልቅ እፎይታ ነው። በር ላይ የቆመው የግንባታ ሠራተኛ እንደዚያ ነው። አብረውት የሚያድሩት እስከ ዛሬ አያውቁም።

ሦስቱ ስልኮች

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። ሥራዬ ምንድን ነው ብባል መርምሮ መድኃኒት መጀመር ቀላሉ ክፍል ነው እላለሁ። ከባዱ ሰውዬው በሚቀጥለው ወር መምጣቱ ነው። ሰው ሲሻለው ይቀራል። ሲብስበትም ይቀራል። የቤት ኪራይ ሲጨምር ሰፈር ለቆ ይጠፋል። ስልክ ይሸጣል። ለዚህ ነው የራሱን፣ የቤተሰቡን፣ ቀጥሎም የጎረቤት ወይም የአስቤዛ የሚገዛበትን ሱቅ ስልክ የምይዘው። ሦስተኛው ስልክ ብዙ ሰው አትርፎልኛል። ባለሱቅ የማያውቀው ነገር የለም። ሦስተኛውን ቁጥር የምጽፈው ግን ታካሚው ራሱ ፈቅዶ ሲሰጠኝ ነው። ስደውልም «ከጤና ጣቢያ ነው፣ ቀጠሮ ነበረው» ብቻ እላለሁ። የምን ቀጠሮ እንደሆነ አልናገርም።

የቀረበትን ምክንያት ሳጠና አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናውን ጠልቶ አይደለም። ከዚህ መርካቶ ለመድረስ ሦስት ታክሲ መያያዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ታማሚና አስታማሚ ሲሆኑ ደርሶ መልሱ እጥፍ ይሆናል። የአስታማሚው የቀን ሥራም አብሮ ይቀራል። አገልግሎቱ ጤና ጣቢያ ድረስ መውረዱ ትርጉሙ ይኼ ነው። የጤና መድን ካርድ ላለው መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ ካለ ይሸፈንለታል። ካርድ የሌለው፣ መታወቂያ የሌለው፣ ተከራይ ስለሆነ ቀበሌ ያልመዘገበው ሰው ግን ከጨዋታው ውጪ ነው። እሱን ለማስመዝገብ በየቢሮው የምዞርባቸው ከሰዓት በኋላዎች አሉ። ነርሲንግ ስማር ይህ ሥራ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሌላ ምክንያት አለ፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም። ረሃብ ነው። ከነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ። አንድ እንጀራ ለሦስት በሚካፈል ቤት «መድኃኒቱ ያስርበኛል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። «ባዶ ሆዴን አልችለውም» ብሎ ክኒኑን ያስቀምጠዋል። ቤተሰቡ «እምቢ አለ» ይለኛል። እኔ ግን «ምን በልቶ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ጸበልና ክኒን

ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ቀድመው ጸበል ሄደዋል። እንጦጦ ማርያም ሦስት ወር፣ ሌላ ቦታ አርባ ቀን። ሙስሊም ወገኖች ሩቅያ አስደርገዋል፤ ቁርኣን ተቀርቶላቸዋል። አንዳንዱ ቤት የዛር ወይም የቡዳ ነገር ይነሳል። በዚህ የሚከራከር ነርስ ታካሚውን ያጣል። እኔ ራሴ የጸበል ሰው ነኝ። «ጸበሉን ይቀጥሉ፣ ክኒኑንም ይዋጡ» ነው የምለው።

ይህን ለማለት መሠረት አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታካሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ይህን የሚያስታውሱ አባቶች አሉ። አንድ ጊዜ አንድ አጥማቂ አባት ታካሚዬን መድኃኒት እንዲያቆም እንደነገሩት ሰማሁ። ሄድኩና ጉልበት ስሜ ሰላም አልኳቸው። ስለ መድኃኒቱ አልተሟገትኩም። «አባቴ፣ ይህ ልጅ ክኒኑን ካቆመ በሁለት በሦስት ሳምንት ያመልጥዎታል፤ ገደል አለ፣ መኪና አለ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው በጸበሉ ይዋጠው» አሉ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ሰው ልከውልኛል።

የሰንሰለት ነገር

ቤት ለቤት ስወጣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ነው። ማን ቤት ምን እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። አንዳንዴ በጓዳ በኩል የታሰረ ሰው እናገኛለን። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ተቆጥቼ ነበር። አሁን ቁጣውን ትቼዋለሁ። ያሰሩት እናት ቀን ልብስ ያጥባሉ፤ ልጃቸው ወጥቶ ዋናው መንገድ ላይ ሲኖትራክ እንዳይበላው ነው። ማታ ሲመለሱ ፈትተው ያጥቡታል፣ ያጎርሱታል። ሰንሰለቱን የሚፈታው ቁጣ ሳይሆን ሕክምና ነው።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የጉራጌው ሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ ተደርጎ ውጤቱ ተጠንቷል። ከከባድ ሕመምተኞቹ ከአራቱ አንዱ ገደማ ይታሰር ነበር። ሕክምናው ከጀመረ ከዓመት በኋላ ወደ ከአሥሩ አንዱ ወረደ። ከሶዶ ጎን ቡታጅራ ውስጥ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ ነበር። ከባድ ሕመም ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሥራችን ምን እንደሆነ ይታየኛል።

ሙያውን ለምታስቡ

መንገዱ ግልጽ ነው። በሳይካትሪ ነርሲንግ ዲግሪ ይማራሉ፣ የብቃት ምዘናውን ያልፋሉ፣ ፈቃድ ያወጣሉ። ከዚያ በላይ መሄድ ለሚፈልግ በተቀናጀ ክሊኒካልና የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማስተርስ አለ። እኔ የምመክረው መጀመሪያ ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ፣ ታማሚ ተኝቶ በሚታከምበት ክፍል፣ እንድትሠሩ ነው። ከባድ ሕመም በቅርብ ሳያዩ ብቻችሁን ጤና ጣቢያ መግባት ይከብዳል።

ብቻችሁን ያልኩት በምክንያት ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አንድ ነው። ሰው ሲጎድል ሌላ ክፍል ይመድቧችኋል፣ ዲዩቲ ትገባላችሁ፣ ክፍላችሁ ተቆልፎ ይውላል። ዘመድ እንኳ «ከነሱ ጋር ስትውይ አንቺንም እንዳይነካሽ» ይላል። በራሱ እጅ ያለፈ ታካሚም ነበረኝ። ሦስቱንም ስልክ ደውዬ ነበር። ስሙን ከደብተሩ አልሰረዝኩትም። ያን ሳምንት ያቆመኝ በቴሌግራም ግሩፕ የምንገናኝ የሙያ ጓደኞቼ ናቸው። እንዲህ ያለ የሚያወሩት ሰው ሳይዙ ወደዚህ ሥራ አትግቡ።

አንድ ሥጋት ደጋግሜ እሰማለሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የሶዶ ጥናት ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ከባድ ሕመምተኛን ሲከታተሉ ውጤታቸው ከሳይካትሪ ነርሶች ክሊኒክ እንደማያንስ አሳይቷል። «ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» ይላሉ ተማሪዎች። እኔ በዚህ ደስ ብሎኛል። ያ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሥልጠና ያስፈልገዋል። ሲቸግረው የሚደውልለት ሰው ያስፈልገዋል። የተወሳሰበ ታካሚ ሲመጣ የሚያይለት ያስፈልገዋል። ያ ሰው ሳይካትሪ ነርስ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 200 ሰው ከምከታተል፣ አምስት ጤና ጣቢያ ላይ ያሉትን ባለሙያዎች ባግዝ የሚደርስልኝ ሰው ይበዛል።

ቋንቋም ተማሩ። አፋን ኦሮሞ ሳልችል ከአንዲት እናት ጋር ሦስት ወር በአስተርጓሚ አወራሁ፤ አስተርጓሚዋ የገዛ ልጃቸው ነበረች። የሚሰሙትን ድምፅ በልጃቸው ፊት እንዴት ይንገሩኝ? ቋንቋው እየገባኝ ሲመጣ ለብቻቸው ነገሩኝ።

መጀመሪያ ለምትመጡ

የቤት ሰው ልታመጡ ካሰባችሁ አብሮት የሚኖር ሰው ይምጣ። ለዘመድ አትላኩ። እቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ ከየትም ይሁን፣ ሰብስባችሁ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። የሌላ ሕክምና ወረቀት ካለ አትጣሉ። ሰውየውን «ለጨጓራህ ነው» ብላችሁ አታታልሉት፤ ሲያውቅ እኔንም እናንተንም አያምንም። «እንቅልፍ አጥተሃል፣ ስለ እንቅልፍህ እናማክር» በሉት፤ እውነት ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ለመውለድ ካሰበች መጀመሪያ ይህን ንገሩን፤ አንዳንዱ መድኃኒት ጽንስ ይጎዳል። ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ማክሰኞ ጠዋት መርፌ አለ። ረቡዕ ከሰዓት ብትመጡ ረጋ ብለን እናወራለን።